የነጋዴ ዕውቀት የማን ነው?

አባቶቻችን የቤታቸውን ምሰሶና ማገር በልጥና በጠፍር ያስሩት ነበር፤ እኛ ግን በሚስማርና በብሎን እናያይዘዋለን። ልጡን ሰው ራሱ ከዱር ልጦ ስለሚያመጣው ጥንካሬውን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ሚስማሩ ግን ከሩቅ ፋብሪካ የመጣ ስለ ሆነ፣ ገዢው ምንነቱን የሚረዳው በአብዛኛው በሻጩ አፍ ነው። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም ሻጭ የሚያውቀውን፣ ገዢ ግን የማያውቀውን ነገር፣ ሳይጠየቅ መናገር ይገባዋልን? የሚል ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ በአቴና ይማር ለነበረው ልጁ ስለ ሰው ተግባር በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ አንሥቶታል። በሮድስ ደሴት ረኃብ በሆነ ጊዜ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል እንበል ይላል። ነጋዴው ሌሎች መርከቦች እህል ጭነው ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይህን ለሕዝቡ ይንገርን? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ዋጋ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋንስ፣ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደለም፤ ሻጭም ሕግ ካዘዘው በላይ የመናገር ግዴታ የለበትም ሲል፣ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢም ሊያውቀው ይገባል ብሎ ተከራከረው። ሲሴሮም ነጋዴው መደበቅ አይገባውም ነበር ሲል ፈረደ።

እኛ ግን መልሱን ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈው የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ ልንፈልገው እንወዳለን። የዚህ ዓይነቱ ሱቅ ጠባብ ነው፤ መደርደሪያው ግን እስከ ጣራው ይደርሳል። ሚስማሩ በኪሎ ይመዘናል፤ ብሎኑ በፍሬ ይቆጠራል፤ ገመዱና ሰንሰለቱ ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ዳዶ የሚባሉት ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱም እንዲሁ ነው፤ ገበያው ከአራዳ ወደዚያ የተዛወረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ነበርና። ሕዝባችን ጠላትን አባርሮ መሣሪያውን ከነስሙ አስቀረ ማለት ነው።

የዚህ ሱቅ ደስ የሚያሰኝ ጠባይ በዕቃው ብዛት ላይ አይደለም። አንዲት እናት የተበላሸ የመሰላቸውን የበር ቁልፍ ይዘው ቢመጡ፣ ባለ ሱቁ አገላብጦ ያይና፣ «እማማ፣ ዝጎ ነው እንጂ አልተበላሸም፤ ጥቂት ዘይት ጠብ ያድርጉበት፤ እምቢ ካለ ይመለሱ» ይላቸዋል። ሊሸጠው ይችል የነበረውን አዲስ ቁልፍ በዚህ ቃሉ ሳይሸጥ ይቀራል።

ከዚህ የሚከብድም ፈተና አለ። የጣራ ቆርቆሮ ውፍረት የሚነገረው በጌጅ ነው። ባለ 28፣ ባለ 30፣ ባለ 32 እየተባለ ሲጠራ፣ ነገሩን ያልተማረ ገዢ ቁጥሩ ከፍ ያለው ወፍራም ይመስለዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። እንግዲህ ሻጩ አንድም የሐሰት ቃል ሳይናገር፣ በዝምታው ብቻ ስሱን በወፍራም ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ለገዢው ኃላፊ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን ስስ ቆርቆሮ፣ ስስ ከመሆኑ በቀር ጉድለት የለበትም። ስለዚህ ዳኛ ሊደርስበት በሚያዳግተው በዚህ ስፍራ የሚፈርደው የባለ ሱቁ ኅሊና ነው።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለውን ተረት የሚወድ ሰው ምናልባት እንዲህ ብሎ ይከራከረን ይሆናል፦ ነጋዴው ይህን ዕውቀት ያገኘው በብዙ ዘመን ድካም ነው፤ ሐኪምና ጠበቃ ስለ ምክራቸው ሲከፈላቸው፣ እርሱ ስለ ምን በነጻ ይሰጣል?

ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዕውቀቱ ከየት እንደ መጣ እንመርምር። የቆርቆሮ ሚስማር ከጉብታው ላይ እንጂ ከሸለቆው ላይ እንደማይመታ ለባለ ሱቁ የነገረው ማን ነው? ከአባቱ ሰማ፤ አባቱም ጣራው በክረምት ካፈሰሰበት ደንበኛ ሰማ። የትኛው ማጠፊያ ቶሎ እንደሚሰበር ያስረዱት በሩ የወደቀባቸው ሰዎች ናቸው። እንግዲያስ የሱቁ ዕውቀት በብዙ ገዢዎች ኪሣራ የተከማቸ አደራ ነው። ለአዲሱ ገዢ መንገርም ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው። «የአባት ዕዳ ለልጅ» እንደሚባለው፣ ሱቁን የወረሰ ልጅ ይህንንም ዕዳ አብሮ ወርሷል።

ይህን ስንል ውርስ ብቻውን ሰውን ደግ ያደርጋል ማለታችን አይደለም። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» እንዲሉ፣ በአባቱ መልካም ስም ተከልሎ የሚያታልል ልጅ ከእንግዳ ይልቅ ብዙ ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ስፍራ ዘመን የቆየ ሱቅ የቃሉን ፍሬ ያያል፤ ክረምት ሲገባ ጣራው ያፈሰሰበት ሰው በደጃፉ ያልፋልና።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከተማ ማደጉን፣ መንገድም መስፋቱን አንጠላም። ሆኖም ሱቅ ከስፍራው ሲነሣ ዕቃው በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ በደንበኛና በባለ ሱቅ መካከል የነበረው አደራ ግን በመኪና አይጫንም። አዲሱ መደብር የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይህን አደራ የሚቀበል ሰው ከሌለበት፣ ገዢው ከዕቃው ጋር ብቻውን ይቀራል።

ነገሩ በነጋዴ ላይም አያበቃም። አቤቱታ ይዞ የመጣ ሰው አንድ ወረቀት ጎድሎበት ሦስት ቀን ሲመላለስ፣ የጎደለውን እያወቀ ስላልተጠየቀ ዝም የሚል የቢሮ ሠራተኛ፣ ስሱን ቆርቆሮ በዝምታ ከሚሸጠው በምን ይለያል? እኛ በደመወዝ የምንተዳደር ሰዎች ያገኘነው የሥራ ዕውቀትም ከእኛ በፊት ከተጉላሉት ባለ ጉዳዮች የተሰበሰበ ነውና፣ ሳንጠየቅ ልንመልሰው ይገባናል።