የዝናብ ትንበያና የፈጣሪ ዕውቀት

ለድሬዳዋ የሚወጣ የሳምንት የአየር ትንበያ ስለ ሙቀት አዲስ ነገር የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ክርክር የሚያስነሣው ዝናቡ ነው። ነገን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ከሆነ፣ ሰው «ሐሙስ ይዘንባል» ሲል ምን ማለቱ ነው? የማይገባውን እየተናገረ ይሆን?

የከተማዋ ሁለቱ ታላላቅ እምነቶች ጥያቄውን አቅልለው አያዩትም። ቁርኣን በሉቅማን ምዕራፍ መጨረሻ ላይ የዝናብን መውረድ አላህ ዘንድ ካለው ዕውቀት ጋር አያይዞ ያነሣል። የያዕቆብ መልእክትም ነገ የሚሆነውን ሳያውቁ ዕቅዳቸውን እንደ ተፈጸመ የሚያወሩትን ይገሥጻል። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ክርስቶስ ደመናውን አይተው ዝናብ፣ ነፋሱን አይተው ሙቀት እንደሚመጣ የሚናገሩ ሰዎችን ሲወቅስ፣ ጥፋታቸው ሰማዩን ማንበባቸው አልነበረም፤ ያንን እያወቁ ዘመኑን አለመመርመራቸው ነው። በርካታ ሙስሊም ሊቃውንትም ከሚታይ ምልክት ተነሥቶ መገመትን፣ ገይብን፣ ማለትም ከሰው የተሰወረውን፣ አውቃለሁ ከማለት ይለዩታል።

የትንበያው አሠራርም ይህንኑ ልዩነት ያጠናክራል። ፈረንሳዊው ላፕላስ በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሰቱ፣ የፍጥረትን ሁኔታ ሁሉ በአንድ ቅጽበት የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር የወደፊቱ ሁሉ ግልጽ ይሆንለታል ብሎ ነበር። ሰው ግን ያ አእምሮ የለውም። አሜሪካዊው የሚቲዎሮሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ስሌቱ ውስጥ 0.506127 የሚለውን ቁጥር አሳጥሮ 0.506 ብሎ ቢያስገባ፣ የተገኘው የአየር ጠባይ ከጊዜ በኋላ ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለየ ሆነ። ዛሬ ትንበያ አውጪዎች መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጡ ስሌቱን ብዙ ጊዜ የሚደጋግሙት ለዚህ ነው፤ ከ50 ስሌቶች 35ቱ ዝናብ ካሳዩ የዝናቡ ዕድል 70 በመቶ ገደማ ነው ይባላል። ከሁለት ሳምንት ወዲያ ያለን ቀን ለይቶ መናገርም በእጅጉ ያዳግታል። እንዲህ ያለ ትንበያ የዕውቀቱን ወሰን ራሱ ስለሚናገር፣ ከፈጣሪ ጋር ይፎካከራል የሚለው ክስ አይጸናበትም።

ከባዱ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ በከፊል የሚያውቅ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ደራሽ ውሃው የሚነሣው በሐረርጌ ደጋ ላይ ከሚጥለው ዝናብ ስለሆነ፣ የከተማዋ ሰማይ ሳይጠቁርም ሊመጣ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሐዘንተኛ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው»፣ «የአላህ ቀደር ነው» ብሎ ቢጽናና ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ምልክቱን አይቶ ዝም ያለ ሰው ግን ያንኑ ቃል መሸሸጊያ ሊያደርገው አይችልም። የጎርፉ ዕድል 10 በመቶ ብቻ ቢሆንም፣ በወንዙ ዳር ለሚያድር ቤተሰብ አንድ ሌሊት ከፍ ወዳለ ቦታ መሄድ የሚያስከትለው ድካም ከሚጠፋው ሕይወት ጋር አይመዛዘንም።

ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ ስለ ዝናብ ትጸልያለች፤ ሙስሊሙም በድርቅ ጊዜ የዝናብ መለመኛ ሶላት አለው። ዝናብን ከፈጣሪ መለመንና የዝናብን አመጣጥ መከታተል ስለዚህ አይጣሉም። ለድሬዳዋ የሚወጣ ትንበያ ከከተማዋ ሰማይ አልፎ የደጋውን ዝናብ ሊናገር ይገባዋል፤ ካህናቱና ኢማሞቹም በክረምት ወራት ማስጠንቀቂያውን ከቅዳሴና ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለምእመናን ያሰሙ።