የጋራ የሆነው የማን ነው?

ሰው ከሰው ጋራ ሊኖር የተፈጠረ ስለ ሆነ ጎረቤት የሌለው ሰው የለም። የጉርብትናው መልክ ግን እንደ አኗኗሩ ይለያያል። በገጠር በሰፊው ግቢ የሚኖር ገበሬ የቤቱ ጢስ ወደ ጎረቤቱ ሳይደርስ በነፋስ ይበተንለታል። በአዲስ አበባ በገርጂ፣ በጎተራ፣ በጀሞና በየካ አባዶ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ በተለምዶ ኮንዶሚኒየም በምንላቸው ሕንፃዎች ግን፣ የአንዱ ወለል የሌላው ጣራ ነው፤ የአንዱም ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ነው። ስለዚህ አንድ የቆየ ጥያቄ በአዲስ መልክ ቀርቦልናል፤ ይኸውም የሁሉ የሆነው ነገር በእውነቱ የማን ነው? የሚል ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ለዚህ በሕግ በኩል መልስ ሰጥቶበታል። እያንዳንዱ ሰው ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው ቤት የግሉ ነው፤ ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ ጣራውና ግቢው ግን የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው። ባለቤቶቹም በማኅበር ተሰብስበው በደንብ እንዲተዳደሩ፣ የጋራውንም ወጪ በየድርሻቸው እንዲከፍሉ ተደንግጓል። እንግዲህ ሕጉ ድንበሩን አሳይቷል። ነገር ግን ሕግ ደረጃ አይጠርግም፤ የተቃጠለ አምፖልም አይለውጥም። ይህን የሚያደርገው የሰው ኅሊና ነው።

ኅሊናም የሚስተው በዚህ ላይ ነው፤ የሁሉ የሆነውን የማንም እንዳልሆነ አድርጎ ይቈጥረዋልና። አንዱ አሮጌ አልጋውን ከደረጃው ሥር ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ያጠበውን ልብስ ሳይጨምቅ ከታች ባለው ጎረቤት መስኮት ላይ ያንጠባጥባል፤ ሦስተኛው ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራ የጋራ ቤት ሳለ፣ በበዓል ቀን በጉን በመተላለፊያው ላይ ያርዳል፤ አራተኛው ወርኀዊ መዋጮውን ሳይከፍል ሌሎች በከፈሉት መብራት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁሉም ነገሩ ጥቂት ነው ይላሉ። ነገር ግን በአንድ ደረጃ ላይ የብዙ ሰው ጥቂት ሲከማች ለመተላለፊያ ቦታ ይጠፋል።

በዚህ ሁሉ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ጉልበተኛው ይጮኻል፤ ባለጠጋውም ቤቱን አከራይቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። የሚጎዱት አሳንሰር በሌለው ሕንፃ 4ኛ ፎቅ የሚኖሩት፣ ውሃ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን ይዘው በጨለማ የሚወጡት አረጋዊት እናት ናቸው። ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ቀን የሚተኛው ዘበኛ ነው። እነዚህ ጠብን ፈርተው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ደንብ የዝምተኛው ጎረቤት ጠበቃ ነው እንላለን፤ ደንብን የሚንቅ ሰውም የሚንቀው ወረቀትን ሳይሆን ይህን ዝምተኛ ሰው ነው።

በገዛ ቤቴ ማን ይከለክለኛል? የሚል ይኖራል። አብርሃምና ሎጥ የእረኞቻቸው ጠብ በበረታ ጊዜ ተለያዩ፤ ምድሪቱ ሰፊ ነበረችና። እኛ ግን ጎረቤታችንን ዕጣ ሰጠን እንጂ እኛ አልመረጥነውም፤ ግራና ቀኝ የምንከፋፈለውም ሜዳ የለንም። ከአብርሃም የቀረልን መለየቱ አይደለም፤ ታላቅ ሲሆን ምርጫውን ለታናሹ መልቀቁ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችንም ልማድ ለዚህ ምሳሌ አላት። ገዳሞቻችን አንድነትና ቁሪት ተብለው ይለያሉ። በአንድነት ገዳም ሀብቱም ማዕዱም የጋራ ነው፤ በቁሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ መነኵሴ ኑሮውን ለየራሱ ይይዛል፤ ቤተ ክርስቲያኑና ሥርዓቱ የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃ ኑሮ ቁሪትን ይመስላል። ማንም ሌማትህን አካፍል ብሎ አያስገድድህም፤ የሚፈለግብህ የጋራውን እንደ ግልህ መጠበቅ ብቻ ነው።

ማኅበሩን የሚመሩትም ልብ ይበሉ። ማኅበር የሚለው ቃል ኀበረ፣ ማለት አንድ ሆነ፣ ተባበረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነውና፣ ለቅጣት ብቻ የሚሰበሰብ ጉባኤ ስሙን ያጣል። በሐዋርያት ዘመን እንኳ የአንዳንዶቹ መበለቶች ድርሻ ተዘነጋ ተብሎ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ ሰባት የታመኑ ሰዎችን አስመርጠው ሥራውን አደራጁ። እንዲሁ መሪዎቹ የገንዘቡን ሒሳብ በግልጥ ያሳዩ፤ መክፈል ያልቻለውን መክፈል ካልፈለገው ይለዩ፤ በስብሰባው ድምፅ የሌለውን ተከራይም ይስሙት፤ በደረጃው ላይ የሚመላለሰው እርሱ ነውና።

እኛ ምእመናን ነን የምንልም ራሳችንን እንመርምር። መዝሙሩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ በግድግዳው ማዶ ያለውን ሕመምተኛ እንቅልፍ የሚነሣ ሰው ለእግዚአብሔር ክብር አልጨመረም፤ እግዚአብሔር የልብን ሹክሹክታ ይሰማልና።

እንግዲህ የጋራ የሆነው የማን ነው? ጉድለቱን አስቀድሞ ያየው ሰው ነው። በደረጃው ላይ የወደቀውን የሙዝ ልጣጭ ያየህ አንተ ከሆንህ፣ በዚያች ሰዓት የደረጃው ባለቤት አንተ ነህ። የጣለውን ሰው ስትፈልግ አትዘግይ፤ አረጋዊቷ እናት ጀሪካናቸውን ይዘው እየወጡ ነውና ጎንበስ ብለህ አንሣው።