የባልንጀራችን የድካም ድንበር



አባቶቻችንና እናቶቻችን ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ሲጸልዩ የኖሩላትን ምድር በዓይናችሁ እንድታዩ ላደረገ አምላክ ምስጋና ይሁን። አዲስ ገቢ የሆነ ሰው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይማራል፤ ቋንቋውን፣ የሰንበትንና የበዓላትን ሥርዓት፣ የምግቡን ሕግ፣ የሥራውን ጠባይ ሁሉ። ከእነዚህ ጋር ደግሞ አባቶቻችን በገጠር ሳሉ ያልገጠማቸው፣ ዛሬ ግን በየኪሳችን ይዘነው የምንዞረው አንድ ፈተና አለ። እርሱም ዘፈንን፣ ፊልምን፣ መጽሐፍንና የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ገልብጦ መጠቀምና ለሌላው ማደል ነው።

በዚህ በአፉላ ስንማማር ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርባል። «በግ ብሰርቅ ከባለቤቱ በረት አንድ በግ ይጎድላል፤ እህል ብሰርቅ ጎተራው ይጎድላል። ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ ባስተላልፍ ግን እኔም አለኝ፣ ባለቤቱም አለው። ታዲያ ምን ሰረቅሁ?» ይህ ከልብ የሚጠየቅ ጥያቄ ነውና ከልብ ሊመለስ ይገባዋል።

ድንጋዩን የገፋ ሰው

ኦሪት በመጀመሪያ የምታስተምረን የስርቆት መልኩ ብዙ መሆኑን ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 በስውር መስረቅ ለብቻው፣ በጉልበት መቀማት ለብቻው፣ የቀን ሠራተኛን ደመወዝ እስከ ማግሥት ማሳደርም ለብቻው ተከልክሏል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ደግሞ የባልንጀራን የድንበር ምልክት መግፋት ተከልክሏል፤ በምዕራፍ 27ም ይህን የሚያደርግ ሰው በሕዝብ ፊት ከሚረገሙት ጋር ተቈጥሯል።

በገጠር ያደጋችሁ ሁሉ ወሰን መግፋት ምን ያህል ጠብና ደም እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። ሌሊት ተነሥቶ የወሰኑን ድንጋይ ጥቂት ክንድ የገፋ ሰው ከጎረቤቱ በረት በግ አልነዳም፤ ከጎተራውም እህል አልዘረፈም። ጎረቤቱ ጠዋት ሲነሣ በሬው በበረቱ፣ እህሉም በጎተራው ነው። ነገር ግን የሚመጣው ዓመት መከሩ ተወስዶበታል። ሊቃውንቶቻችን ከዚህ ተነሥተው የሰውን መተዳደሪያ መሻማትን «ሐሳጋት ገቩል»፣ ማለትም ድንበር መግፋት ብለው ጠሩት።

የዘፈንና የመጽሐፍም ነገር እንዲሁ ነው። ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን ያወጣ፣ መሣሪያውን የተጫወተና የዘፈነ ሰው በደከመባቸው ወራት ብዙ ጊዜ ደመወዝ የሚከፍለው የለም። የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው ሥራው ካለቀ በኋላ ከአድማጩ እጅ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን «ከቤቱ ምን ጎደለ?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ወደ ቤቱ ሊገባ የሚገባው ምን ቀረበት?» ብለን ነው። ያለ ፈቃድ የገለበጠ ሰው በጉን አልነዳም፤ ድንጋዩን ግን ገፍቷል።

የናቡቴ ወይን

ከአፉላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትሄዱ የጥንቷን የኢይዝራኤልን ኮረብታ ታገኛላችሁ። በመጽሐፈ ነገሥት አንደኛ ምዕራፍ 21 የተጻፈው የናቡቴ ታሪክ የተፈጸመው በዚያ ነው። ንጉሡ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ ወደደ። በነጻ ስጠኝ አላለውም፤ የተሻለ ወይን ወይም ገንዘብ ልስጥህ አለው። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ስለ ሆነ እንቢ አለ። ንጉሡም አዝኖ ፊቱን አዙሮ ተኛ፤ እህልም አልቀምስ አለ። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፣ በማኅተሙም አተመች፤ ሐሰተኞች ምስክሮች ቆሙ፣ ናቡቴም ተገደለ። አክዓብ ወይኑን ሊወርስ በወረደ ጊዜ ነቢዩ ኤልያስ በዚያው በወይኑ ቦታ አገኘው።

ዘፈን የገለበጠን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር አናስተካክልም፤ እንዲህ ያለውን ፍርድ እግዚአብሔር ያርቅልን። ነገር ግን የነገሩን መነሻ እንመልከት። አክዓብ ዓይኑን በሰው ንብረት ላይ ጣለ፤ የባለቤቱንም እንቢታ በእርሱ ላይ እንደ ተፈጸመ በደል ቈጠረው። «ዋጋው ስለ ተወደደብኝ»፣ «በምኖርበት አገር ስለማይሸጥልኝ»፣ «ስለ ፈለግሁት» ብለን የሰው ሥራ ስንወስድ የምንናገረው የአክዓብን ቃል ነው። የምኞታችን ብርታት ድንበሩን አያፈርሰውም። ድንበሩ የባለቤቱ ፈቃድ ነው።

ሰዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች

አንደኛ፣ «አባቶቻችንም መጻሕፍትን ይገለብጡ ነበር» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ መነኮሳቶቻችንና ጸሐፊዎቻችን ኦሪትንና ተእዛዘ ሰንበትን በግዕዝ በብራና ላይ ገልብጠው ለትውልድ አቆይተዋል። ነገር ግን ያ ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ወራት ሙሉ ጎንብሶ በራሱ ድካም አዲስ መጽሐፍ ያወጣ ነበር፤ የማንንም ገበያ አልተሻማም። የሸክላ ሠሪዋና የብረት ቀጥቃጩም ነገር እንዲሁ ነው። የጎረቤቷን ገንቦ አይታ የምትሠራ ሴት የራሷን ጭቃ ታቦካለች፣ የራሷን እሳት ታነዳለች። በአንድ ጣት ንክኪ ሺህ ቅጂ የሚያወጣ ሰው ግን ከራሱ ድካም አንዳች አልጨመረበትም። በእጅ ሥራ የኖሩ አባቶችና እናቶች ልጆች የሆንን እኛ የድካምን ዋጋ ከማንም ይልቅ ልናውቅ ይገባናል።

ሁለተኛ፣ «አዲስ ገቢ ነኝ፣ ገንዘብ የለኝም» ይባላል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ዳሩ ግን ፊልም እንጀራ አይደለም፤ ያለ እርሱ ይታደራል። ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚያስፈልግ ነገር ሲሆን ደግሞ የከተማው ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በነጻ እንዲወሰዱ የተፈቀዱ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም አሉ። ራምባም በስርቆት ሕግ ምዕራፍ 1 ጥቂት ነገር እንኳ መስረቅ፣ ለቀልድም ቢሆን፣ እመልሳለሁ ወይም እከፍላለሁ ብሎም ቢሆን የተከለከለ መሆኑን ያስተምራል። ምክንያቱንም ሲገልጥ ሰው እንዳይለምደው ነው ይላል።

ሦስተኛ፣ «ባለቤቱ ሩቅ ነው፣ አያውቅም» ይባላል። የብዙዎቹ የአማርኛ ዘፈኖች ባለቤቶች በአዲስ አበባ ወይም በሌላ አገር ናቸው። ለዚህ መልሱ አሁንም በአፉላ አጠገብ አለ። በጊቭዓት ሃሞሬ ግርጌ ያለችው ሱላም የጥንቷ ሱነም ናት። በመጽሐፈ ነገሥት ሁለተኛ ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው፣ ሱነማዊቷ ሴት በረሃብ ምክንያት ሰባት ዓመት በፍልስጥኤም አገር ተሰድዳ ኖረች። ስትመለስ ቤቷንና እርሻዋን ሌላ ሰው ይዞት አገኘች፤ ወደ ንጉሡም ጮኸች። ንጉሡ ርስቷን ብቻ ሳይሆን ከሄደችበት ቀን ጀምሮ እርሻው ያፈራውን ሁሉ እንዲመልሱላት አዘዘ። የባለቤቱ ሩቅ መሆን ንብረቱን ባለቤት አልባ አያደርገውም። ስደትን የምናውቅ እኛ ይህን ፍርድ ልንወደው ይገባናል።

አራተኛ፣ «እኔ አልገለበጥሁም፤ ሌላው የገለበጠውን ነው የተቀበልሁት» ወይም «ከፍዬበታለሁ» ይባላል። በወር ጥቂት ሸቅል ተከፍሎ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ሁሉ ያለ ፈቃድ የሚያሳዩ ሳጥኖችን የሚገዙ ሰዎች እንዲህ ይላሉ። ክፍያው ግን የደረሰው ለሠራው ሳይሆን ለወሰደው ነው። ራምባም በዚያው የስርቆት ሕግ ምዕራፍ 5 የተሰረቀ ዕቃ ከሌባ መግዛትን ይከለክላል፤ ገዢ ያጣ ሌባ ሌላ ለመስረቅ አይነሣምና።

አምስተኛ፣ «ለቅዱስ ነገር ነው» ይባላል። የጸሎት መጽሐፍን ወይም የኦሪትን ትምህርት ያለ ፈቃድ ገልብጦ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ማደል ጽድቅ የሚመስላቸው አሉ። ሊቃውንቶቻችን ግን በተሰረቀ የዘንባባ ዝንጣፊ የዳስ በዓልን ትእዛዝ መፈጸም እንደማይቻል አስተምረዋል፤ በኃጢአት በኩል የመጣ ትእዛዝ ነውና። በተሰረቀ ስንዴ ዳቦ ጋግሮ በላዩ መባረክንም እንደ ስድብ ቈጥረውታል።

ሊቃውንት እንዴት ፈረዱ

ይህ ክርክር በስልክ ዘመን አልተጀመረም። በ1550 በቬኒስ ከተማ የፓዱዋው ራቢ ሜኢር ካጸነለንቦገን የራምባምን የሕግ መጽሐፍ ብዙ ደክመው አርመው አሳተሙ። ሌላ ባለጸጋ አታሚ ያንኑ መጽሐፍ በርካሽ አትሞ ገበያቸውን ተሻማባቸው። ጉዳዩ ወደ ክራኮው ሊቅ ወደ ራቢ ሞሼ ኢሰርለስ ደረሰ፤ እርሳቸውም የመጀመሪያው እትም እስኪሸጥ ድረስ ከሁለተኛው ማንም እንዳይገዛ በውግዘት ከለከሉ። በ1860 የለምበርጉ ራቢ ዮሴፍ ሻኡል ናታንሶን የደራሲ መብት በሥራው ላይ ጸንቶ የሚኖር መሆኑን ፈረዱ። ካሴት ከመጣ በኋላም ራቢ ሞሼ ፋይንሽታይን ባለቤቱ የከለከለውን የኦሪት ትምህርት ካሴት መገልበጥ የስርቆት ዓይነት ነው ብለው ጽፈዋል።

ሊቃውንቱ መነሻቸው አንድ አይደለም። አንዱ ከስርቆት፣ ሌላው ድንበር ከመግፋት፣ ሌላውም ሻጩ በሽያጩ ላይ ካኖረው ውል ይነሣል፤ በዝርዝሩም ይከራከራሉ። ከእነዚህ በተጨማሪ የአሞራው የሽሙኤል ትምህርት አለ፤ የመንግሥት ሕግ በገንዘብ ነገር ሕግ ሆኖ ይከበራል። በእስራኤል የ2007 የደራሲያን መብት ሕግ ከ2008 ጀምሮ ይሠራል። በአብዛኛው የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ይጠብቃል፤ ጉዳት ሳይረጋገጥ እንኳ ለአንድ ጥሰት እስከ 100,000 ሸቅል ካሣ እንዲከፈል ሊፈረድ ይችላል። በኢትዮጵያም በ2004 አዋጅ ቁጥር 410 ወጥቷል፤ በ2014 ተሻሽሏል። ስለዚህ «በአገራችን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም» ማለት አይቻልም።

የተፈቀደው ምንድን ነው

ሕግ መከልከልን ብቻ አያስተምርም። ባለቤቱ ራሱ በዩቲዩብ ወይም በሌላ ስፍራ ለሕዝብ የከፈተውን ከዚያው ከእርሱ ስፍራ መስማትና ማየት የተፈቀደ ነው፤ ለወዳጅ ማሳየት የሚፈልግም ፋይሉን ገልብጦ ከመላክ አድራሻውን ይላክለት። የመብቱ ዘመን ያለፈበት ጥንታዊ ጽሑፍ የሁሉ ነው፤ አዲስ ትርጉሙና አዲስ ማብራሪያው ግን የተርጓሚው ነው። ለጥናት አጭር ክፍል መጥቀስ፣ የገዙት ፕሮግራም እንዳይጠፋ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝም ተፈቅዷል። ከሁሉ የሚሻለው መጠየቅ ነው፤ ብዙ ደራሲያን ሲጠየቁ በደስታ ይፈቅዳሉ። የሰማችሁትን ትምህርት ደግሞ በተናገረው ሰው ስም ተናገሩ። አስቴር የሰማችውን ነገር በመርዶክዮስ ስም ለንጉሡ ነገረች፤ ሊቃውንትም ከዚህ ተነሥተው ነገርን በባለቤቱ ስም የሚናገር ለዓለም መዳንን ያመጣል ብለዋል። በተጠራጠራችሁ ጊዜ ቄሳችሁን ወይም የሰፈራችሁን ራቢ ጠይቁ።

ያለፈውን ስለ ማስተካከል

እስካሁን ሳያውቅ የወሰደ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ያለ ፈቃድ የያዘውን ያጥፋ፤ የሚወደውን ከባለቤቱ ይግዛ፤ የጎዳውን ሰው የሚያውቅ ከሆነ ይክፈለው፣ ይቅርታም ይጠይቀው። ማንን እንደ በደለ ማወቅ ለማይችል ሰው ሊቃውንት ሕዝብን ሁሉ በሚጠቅም ሥራ እንዲክስ መክረዋል፤ ከሕዝቡ መካከል የተበደለውም ይጠቀማልና። የአስተስርዮ ቀን፣ ማለትም ዮም ኪፑር፣ በሰውና በአምላክ መካከል ያለውን ኃጢአት ያስተሰርያል። በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ አያስተሰርይም።

በመጨረሻም ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን አስቡ። ሌባው ለፍርድ በቀረበ ጊዜ እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት ይባላል። ዛሬ እንቁላሉ ከጓዳ የሚወጣ ሳይሆን ከስልክ የሚወርድ ሆኗል። ልጁ አባቱ ሲገለብጥ አይቶ ዝም ካለ ነገ የሰውን የትምህርት ሥራ ገልብጦ የራሴ ነው ይላል፤ ከነገ ወዲያም በመሥሪያ ቤቱ የሚያደርገውን አናውቅም። አባቱ «ይህ የእኛ አይደለም፣ ባለቤቱን እንጠይቅ» ሲል የሰማ ልጅ ግን ማንም በማያየው ቦታ እንኳ የሰውን ድንበር አይገፋም። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ በእጃችን ድካም ያገኘነው ጥቂት ነገር ግን በረከት አለው።

የእስራኤል አምላክ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ ቤታችሁን በእውነትና በሰላም ይሙላ፤ ከሰው ንብረት ንጹሕ በሆነ እጅ በፊቱ ለመቆም ያብቃን። አሜን።