ዳውንሎድስ መጋዘን አይደለም

ቤታችሁ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ሁሉ፣ «ዳውንሎድስ» የሚለውን ፎልደር ዛሬውኑ ክፈቱና ከላይ እስከ ታች እዩት። አንዱ ፕሮግራም ሁለት ሦስት ጊዜ ወርዶ፣ ስሙ ላይ ቁጥር እየተቀጠለበት ተደርድሮ ይሆናል። የትኛው እንደተጫነ፣ የትኛው ሳያልቅ እንደተቋረጠ በምን ይለያል? የባሰው ደግሞ እዚያው ከወረደበት እየተነሣ የሚሠራው ነው፤ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ ፎልደሩን ያጸዳችሁ ዕለት ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል።

ሊኑክስ ለሁሉም ቦታ አበጅቷል። የፎልደሮቹን አደረጃጀት የሚወስነው ደንብ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጽሑፍ አለ። «ዩኤስአር» ሥር ያለው፣ ከ«ሎካል» በስተቀር፣ የሲስተሙ ነው፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ አፕት፣ በፌዶራ ዲኤንኤፍ የሚባለው የፓኬጅ አስተዳዳሪ እየመዘገበ ይይዘዋል። እናንተ በእጃችሁ አትነካኩት። ከሶርስ ኮድ ራሳችሁ የገነባችሁትን «ዩኤስአር ሎካል» ውስጥ፣ ከሌላ አምራች ተጠቅልሎ የመጣውን «ኦፕት» ውስጥ፣ ለራሳችሁ ብቻ የምትፈልጉትን ደግሞ በሆም ፎልደራችሁ «ዶት ሎካል» ውስጥ አኑሩ። ለቤት ኮምፒውተር እኔ የማስቀድመው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠው ትእዛዝ) ስለማያስፈልገው ብትሳሳቱም ሲስተሙ አይናጋም።

በሱዶ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። ብዙ የሲስተሙ መሣሪያዎች በፓይተን የተጻፉ ናቸው። ፒፕ በሚባለው የፓይተን ጫኚ «ሱዶ ፒፕ ኢንስቶል» ብላችሁ የምታስገቡት ላይብረሪ እነርሱ የሚጠብቁትን ቨርዥን ሊሸፍንባቸው ይችላል፤ ያን ጊዜ ትናንት ይሠራ የነበረው ያለ ምክንያት የተበላሸ ይመስላል። ዴቢያን ከ12ኛው ቨርዥን (2023) ወዲህ ፒፕ በዚህ መንገድ እንዳይጭን የከለከለው ለዚህ ነው። ክልከላውን የሚያልፍ አማራጭ መኖሩ አያታልላችሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት፣ ማለትም ለብቻው የተለየ የፓይተን ፎልደር፣ ፍጠሩለት፤ ሳትፈልጉት ስትቀሩ ፎልደሩን መሰረዝ ብቻ ነው።

ከሶርስ ኮድ የምትገነቡትስ? ስትጭኑት ስለ መንቀሉም አስቡ። «ሜክ ኢንስቶል» ፋይሎቹን በየቦታው ከበተነ በኋላ፣ ለማስወገጃ የሚሆን ትእዛዝ ሁሉም ፕሮግራም ላይ አይገኝም። ግኑ ስቶው የሚባለው መሣሪያ ይህን ችግር ያቃልላል፦ ፕሮግራሙ በራሱ ፎልደር ይቀመጣል፣ ስቶው በሲምቦሊክ ሊንክ ከ«ዩኤስአር ሎካል» ጋር ያገናኘዋል፤ ሲሰለቻችሁ ሊንኩ ይነሣል፣ ፎልደሩ ይሰረዛል።

ኢንተርኔት በፓኬጅ እየገዛችሁ ያወረዳችሁትን ጣሉት አልልም። ለጫኚ ፋይሎች ብቻ የሚሆን ፎልደር ክፈቱ፣ ቨርዥኑ ከስሙ ላይ አይጥፋ። ከጓደኛ በፍላሽ የመጣውን ከመጫናችሁ በፊት የሻ 256 ማረጋገጫ ቁጥሩን አምራቹ ካወጣው ጋር አስተያዩት፤ ካልገጠመ አትጫኑት። እዚያው ፎልደር ውስጥ አጭር የጽሑፍ ፋይል ይኑር፦ ከየት እንደወረደ፣ መቼና የት እንደተጫነ፣ እንዴት እንደሚነቀል። ኮምፒውተሩን ከእናንተ ጋር የሚጋሩት ልጆችና ወንድም እህቶችም እዚያው ላይ ይጻፉ።