ለጥርስ ሐኪም የሚነገርና የማይነገር

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1994 ሲድኒ አቦት የተባለች ሴት በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባንጎር ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ የጥርስ ክሊኒክ ሄደች። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ እንዳለ ጻፈች። ሐኪሙ ራንዶን ብራግደን መርምሮ አንድ የተቦረቦረ ጥርስ አገኘ፤ በክሊኒኩ ግን እንደማይሞላላት ነገራት። ሆስፒታል ከሆነ ይሠራላታል፤ ለራሱ ሥራ ተጨማሪ አይጠይቅም፤ የሆስፒታሉን ክፍያ ግን እሷ ትችላለች። አቦት ይህን አልተቀበለችም፤ ከሰሰችው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1998 ዳኞቹ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ምልክት ያላሳየ ኤችአይቪም ቢሆን የአካል ጉዳተኞችን ከአድልዎ የሚጠብቀው ሕግ እንደሚሸፍነው ወሰኑ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። አቦት አልደበቀችም፤ ሕክምናውን የተነፈገችውም በመናገሯ ነው። ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ጥርሱን አሞት ክሊኒክ ሲሄድ የሚያብሰለስለው ይኸው ነው። ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ዝም ማለትስ ኃጢአት ይሆን?

በውሸት ጉዳይ ላይ በጥብቅነታቸው የታወቁ ሁለት ሰዎች አሉ። በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስለ ውሸት የጻፈው የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ውሸትን በምንም ምክንያት አልፈቀደም፤ እውነትን መሸሸግ ግን ሌላ ነገር መሆኑን ለይቶ አስቀምጧል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ወዳጅህን ሊገድል የሚያሳድድ ሰው ደጅህ ቆሞ «የት ገባ?» ቢልህ እንኳ መዋሸት አይገባም እስከ ማለት ደርሷል። ያም ሆኖ ግዴታው መልስ ከመስጠት ማምለጥ በማይቻልበት ጊዜ ለሚነገር ቃል ነው። የክሊኒክ ቅጽ ደግሞ ባዶ ሊተው የሚችል ቦታ አለው። «የለብኝም» ብሎ ምልክት ማድረግና ጥያቄውን ማለፍ፣ በሁለቱም ሰዎች ሚዛን ቢሆን አንድ አይደሉም።

ሕግ አውጪዎችም በአንድ ቃል አልተናገሩም። የአሜሪካዋ አርካንሳስ ግዛት ቫይረሱ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ከሕክምና በፊት ለሐኪሙ ወይም ለጥርስ ሐኪሙ እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። በብሪታንያ ግን ታካሚው ለጥርስ ሐኪሙ የመናገር ሕጋዊ ግዴታ የለበትም።

እንዲህ ያለው ግዴታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ አንዲት ወጣት በፍሎሪዳ ቫይረሱ ከጥርስ ሐኪሟ ሳይተላለፍባት እንዳልቀረ ሲያስታውቅ አገር ተናወጠ። ኋላ ላይ ከዚያው ክሊኒክ የተያዙ ታካሚዎች ቁጥር 6 ደረሰ፤ ቫይረሱ በምን መንገድ እንደተላለፈ ግን አልተረጋገጠም። የወሬው አቅጣጫ ከሐኪም ወደ ታካሚ ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫ ያለውን ስንመለከት፣ ማዕከሉ በሥራ ላይ መያዛቸውን በማስረጃ ባረጋገጠላቸው የጤና ሠራተኞች መዝገብ ውስጥ አንድም የጥርስ ሐኪም የለም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የአሠራር ለውጥ ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው መመሪያ መሠረት የማንኛውም ታካሚ ደም ቫይረስ እንዳለበት ተቆጥሮ ይሠራል፤ ጓንቱ፣ ማስኩና በአውቶክሌቭ እንፋሎት ከጀርም የጸዳው መሣሪያ ለሁሉም ነው። ምክንያቱም ቅጹ ላይ «የለብኝም» ብሎ የጻፈው ሰው ሳይዋሽ፣ ሳያውቅም ሊሆን ይችላል። ያወቀውን ታካሚ ከደጅ የሚመልስ ሐኪም ያላወቀውን በዚያው ቀን ያክማል። ይባስ ብሎ የተመለሰው ሰው መድኃኒቱን በወጉ የሚወስድና በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሐኪሙን የሚጠብቀው የታካሚው ኑዛዜ ካልሆነ መናገር ለማን ይጠቅማል? በመጀመሪያ ለራሱ ለታካሚው ነው። በአፍ ውስጥ የሚወጣ ነጭ ፈንገስ ወይም በፍጥነት የሚበላ ድድ የሰውነት መከላከያ አቅም መዳከሙን ከሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው፤ ታሪኩን የማያውቅ ሐኪም ሊያልፋቸው ይችላል። ጥርስ ከመንቀሉ በፊት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች አለመቀነሳቸውን ማየት ሊያስፈልግ ይችላል። ሪቶናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፍርሃቱን ለማብረድ ሚዳዞላም ቢሰጠው ማስታገሻው ከሰውነቱ ቶሎ ስለማይወጣ መተንፈስ እስኪያቅተው ሊያፍነው ይችላል። የአበው ተረት ልክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ተረቱ ግን የሰሚውን ድርሻ ሳይናገር ያልፋል። ሰው ለንስሐ አባቱ የልቡን የሚዘረግፈው ምስጢሩ እዚያው እንደሚቀርና እንደማይባረር አምኖ ነው። ክሊኒኩ ቅጹን በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ገልጦ ከተወው፣ ወይም መልሱን ከሰማ በኋላ «ሌላ ቦታ ሞክር» ካለ፣ እውነት የመጠየቅ መብቱን ራሱ አሳልፎ ሰጥቷል። በዚህ መልኩ ሲታይ ግዴታው ከሁለቱም ወገን ይነሣል፤ ቀድሞ መታመን ያለበትም የሚጠይቀው ነው።

ዝምታን የሚደግፈው ክርክር የሚያልቅበት አንድ ቦታ ግን አለ። መርፌ ሐኪሙን ወይም ረዳቱን ወግቶ ከሆነ፣ ደሙ ቫይረስ ካለበትና ሕክምና ላይ ካልሆነ ሰው የተወጋ ባለሙያ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 3 ገደማ ነው። አነስተኛ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። መከላከያ መድኃኒቱ በቶሎ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት መወሰድ አለበት፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል ለመምረጥም ታካሚው ምን እየወሰደ እንዳለ ማወቁ ይረዳል። ከዚያች ደቂቃ በፊት ጥያቄው ስለ ታካሚው አካልና ስለ ምስጢሩ ነበር። አሁን ግን የተወጋችው ረዳት የመጀመሪያውን ክኒን ዛሬ ትዋጥ ወይስ አትዋጥ እየተባለ ነው፤ ቅጹን ባዶ የተወ ታካሚም ቢሆን አፉን ከፍቶ ሊነግራት ይገባል።