ሰደፉን ከመግጠምህ በፊት

ስማኝ ልጄ፤ ያ የገዛኸው የጥንት ማውዘር ሽጉጥ መልካም ዕቃ ነው። የእንጨት አፎቱ ከኋላው ሲሰካ ሰደፍ ሆኖ ትከሻ ላይ ማረፉም ያስጎመጃል። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና እጅህን ሰብስብ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። በአሜሪካ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ ሰደፍ የተገጠመለት ሽጉጥ እንደ ጠመንጃ ይቆጠራል። በርሜሉ ከ16 ኢንች ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ካነሰ ደግሞ አስቀድሞ ተፈቅዶ መመዝገብ አለበት። የማውዘርህ በርሜል 5 ተኩል ኢንች ገደማ ነው። ሳያስመዘግብ የተገኘ እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

«ከ1899 በፊት የተሠራ ነው፤ ሕግ አይነካውም» ያለህን ሻጭ በግማሽ ጆሮ ስማው። በ1968 የወጣው ሌላው የፌዴራል ሕግ ዘመኑን ብቻ አይቶ ይለቀዋል፤ የ1934ቱ ግን ስለ ጥይቱም ይጠይቃል። ጥይቱ በገበያ እንደ ልብ የሚገኝ ከሆነ እርጅናው አያድነውም፤ የማውዘርህ 7.63 ሚሊሜትር ጥይት ደግሞ ዛሬም ይሸጣል።

መውጫ በር ግን አለ። ኤቲኤፍ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለሰብሳቢዎች ብሎ ከምዝገባው ነፃ ያወጣቸው መሣሪያዎች ዝርዝር አለው፤ በራሱ ዘመን ከተሠራ ሰደፍ ጋር ያለ ማውዘርም እዚያ ውስጥ ይገኛል። ሰደፉ አዲስ የተቀረጸ ቅጂ ከሆነ ግን ዝርዝሩ በግልጽ ካልፈቀደልህ አትግጠመው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ዝርዝሩን አንብብ፣ ያልገባህን በጽሑፍ ጠይቅ፣ መልሱን ከዕቃው ጋር አኑር። የምትኖርበት ክፍለ ግዛት ሕግ ከፌዴራሉ ሊጠብቅ ስለሚችል እሱንም እይ። ለምዝገባው ይከፈል የነበረው ባለ 200 ዶላሩ ግብር ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ቀረ ሲሉህም ምዝገባው የቀረ አይምሰልህ።

ደግሞ አንተ ገና በግሪን ካርድ ላይ ነህ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በጦር መሣሪያ ጥፋት ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ዜጋው እስሩን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ አንተ ከልጆችህ ትለያለህ።

የኤቲኤፍ መልስ «አይሆንም» ከሆነ ሰደፉን ሽጠው፤ ከሽጉጡ ጋር ባንድ ቤት ማስቀመጡ ብቻውን ጥያቄ ያስነሣል። ብትከስርም ክሰር። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ከሚሉ ሰዎች ነው የተወለድከው።