ውለታ ጠባቂ ይሻል

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ የምትወዱትን ተጫዋች የዝውውር ዋጋ፣ የዘፋኙን አልበሞች፣ የተዋናይዋን የሠርግ ቀን ጠንቅቃችሁ ታውቃላችሁ። በሰፈራችሁ በጡረታ የሚኖሩት አዛውንት በየትኛው ግንባር እንደቆሰሉ የምታውቁ ግን ጥቂት ናችሁ። ይህን የምለው ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም። የታዋቂ ሰው ፊት ሳትፈልጉትም በስልካችሁና በቴሌቪዥናችሁ ይመጣላችኋል፤ የዘማች ታሪክ ግን ጠይቆ ለሄደ ብቻ ይነገራል። የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፦ ዝና በራሱ ይኖራል፤ ገበያውም ተመልካቹም ይጠብቁታል። ውለታ ግን የሚጠብቀው ሰው ካላገኘ ይጠፋል። ስለዚህ የምታደንቁትን ማድነቃችሁን ሳትተዉ፣ ባለውለታን ማክበርን አስባችሁና ፈቅዳችሁ ልመዱት።

የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር የነበረውን የክቡር ዘበኛን ታሪክ ተመልከቱ። ከዚህ ጦር የወጣው አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ስሙ ዓለምን አዳረሰ፤ ዛሬም የማያውቀው ልጅ የለም። ከዚያ ድል ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ ከዚሁ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ ከደቡብ ኮሪያ ጎን ተሰልፎ ሰሜን ኮሪያን ለመውጋት ወደ ኮሪያ ተጉዟል። በየተራ ከሄዱት ከ6,000 በላይ ዘማቾች መካከል ከ120 የሚበልጡት ተሰውተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም ሰው በጠላት እጅ አልተማረከም። ከእነዚህ ሰማዕታት የአንዱን እንኳ ስም የሚጠራ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። በአበበና በእነርሱ መካከል የጀግንነት ማነስና መብለጥ የለም፤ ያሳደጋቸው አንድ ጦር ነው። የእርሱን ድል ዓለም ተሰብስቦ አየው፤ እነርሱ የወደቁት ግን አጨብጫቢ በሌለበት ተራራ ላይ ነው። በዝና ብቻ የምንመዝን ከሆነ ሚዛናችን የሚለካው የተመልካቹን ብዛት እንጂ የተከፈለውን ዋጋ አይደለም።

ውለታ ጠባቂ ሲያጣ ምን እንደሚደርስበት የእነዚሁ ዘማቾች የኋላ ዕጣ ያሳያል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ የቃኘው ታሪክ በአደባባይ የማይወሳ ሆነ፤ ዘማቾቹም አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ። ደቡብ ኮሪያውያን ግን ቀድሞውኑ በቹንቾን ከተማ ሐውልት አቁመውላቸው ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የመታሰቢያ አዳራሽ ከፈቱላቸው፤ ለዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆችም የትምህርት ዕድል ሰጡ። የቅርቡም ታሪክ ከዚህ አይለይም። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የሶማሊያን ጦር ድል ያደረገው ሠራዊት በ1983 ዓ.ም. ሲበተን፣ ዕድሜውን በግንባር የጨረሰ ወታደር በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እጁን ለልመና ሲዘረጋ ታይቷል። በሁለቱም ጊዜ መንግሥት ሲለወጥ ውለታው አብሮ ተፋቀ። እንግዲህ ውለታን ለመንግሥት ብቻ ትቶ መቀመጥ እንደማያዋጣ ከዚህ ተማሩ።

ከእናንተ አንዱ «አርቲስቱና አትሌቱም እኮ አገር አገልግለዋል» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግራዚያኒ አዝማሪዎችን አስይዞ ያስገደለው ግጥማቸው ሕዝቡን ለአርበኝነት ስለሚቀሰቅስ ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠም ከዘፈነባቸው መድረኮች አንዱ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው። ከማንም ክብር ይቀነስ አላልሁም፤ የተረሳው ይታወስ ነው የምለው። ሌላው ተቃውሞ ግን ይከብዳል፦ ወንድም ወንድሙን በገደለበት አገር ዘማችን ማክበር ጦርነትን ማወደስ አይሆንም ወይ? ይህን ስጋት አልንቀውም። ሆኖም ተራው ወታደር ጦርነቱን አላወጀም። ማን ልክ ነበር የሚለው ክርክር በታሪክ ይቀጥላል፤ ቁስለኛን መርዳት ግን የክርክሩን ፍጻሜ አይጠብቅም። በደል የፈጸመ ካለም በሕግ ይጠየቅ፤ መለዮ መልበስ ማንንም ከፍርድ አያስመልጥም። ደግሞም ጦርነትን አሳምሮ የሚያሳያችሁ ፊልምና ፉከራ ነው፤ እግሩን ያጣ ሰው ግን ዋጋውን ይነግራችኋል። እርሱን የሰማ ትውልድ ለጦርነት አይቸኩልም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ በየካቲት 23 የዓድዋ ድል በዓልና በሚያዝያ 27 የድል ቀን አርበኞች በአደባባይ ሲያልፉ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትለፉ። ስማቸውን፣ የዘመቱበትን ግንባርና የጦር ክፍላቸውን ጠይቁ፤ በዚያው ስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ለቤተሰባቸውም ቅጂውን ስጡ። የጎረቤታችሁ ዘማች ለጡረታ ጉዳይ ወይም ለሕክምና ሲመላለሱ ወረፋ ያዙላቸው፤ ማመልከቻ ጻፉላቸው። ክብር በዓል ጠብቆ የሚሰጥ አበባ ብቻ ከሆነ ችግረኛን አይደግፍም። ከመካከላችሁ ብዙ ተከታይ ያላችሁ ደግሞ ድምፃችሁን አውሷቸው፤ አዝማሪው በጨለማው ዘመን የሠራው ይህንኑ ነበርና። ነገ እናንተም ለአገር በምትደክሙበት ጊዜ ልፋታችሁን የሚመዝነው ትውልድ ሚዛኑን የሚማረው ዛሬ ከእናንተ ነው። ጭብጨባ የሌለበትን መሥዋዕትነት ማየት አስተምሩት።